ክርክር፦ የማቆያ ቦታ ስንል ወንበሩን ነው ወይስ ሞግዚቷን?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ መንግሥት የሕፃናት ማቆያና የቅድመ መደበኛ ትምህርት ቦታዎችን ለማስፋፋት በጀት ይመድብ።

ደጋፊ፦ የወሊድ ፈቃድ በወራት ያልቃል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጁን የሚቀበለው ከዓመታት በኋላ ነው። መካከሉን ለቤተሰብ ኪስ መተው አብዛኛውን ጊዜ እናትየውን ከሥራ ማስወጣት ነው። የካናዳ ግዛት ኩቤክ እ.ኤ.አ. በ1997 የወላጅን ክፍያ በቀን 5 ዶላር ወስና ቀሪውን ከመንግሥት ካዝና ስትሸፍን፣ ሥራ ላይ ያሉ እናቶች ቁጥር በግልጽ ጨምሯል። ስለዚህ በጀት ይመደብ፣ ሕንፃ ይሠራ። ክፍሉ ካለ ሠራተኛው ይመጣል።

ተቃዋሚ፦ «ክፍሉ ካለ ሠራተኛው ይመጣል» ያሉት የፈረቃ ሰሌዳ ሳያዩ ነው። 12 ጨቅላዎች የሚውሉበት አንድ ክፍል እንውሰድ። ለ4 ሕፃን 1 ሞግዚት የሚል ደንብ ካለ፣ ምንጊዜም 3 ሞግዚቶች መገኘት አለባቸው። ማቆያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ከሆነ በቀን 30 የሥራ ሰዓት ይሆናል፤ አንዷ 8 ሰዓት ብትሠራ እንኳ 4 ሰው ይፈልጋል። የምሳ ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ቀን ሲታከል አምስተኛ ካልተቀጠረች ክፍሉ አይሸፈንም። ጠዋት 2 ብቻ ከገቡ 8 ሕፃን ይገባል፤ የ4ቱ ወላጆች ልጃቸውን እንደታቀፉ ከበር ይመለሳሉ። ሪፖርቱ ላይ ግን 12 ቦታ ተብሎ ይጻፋል።

ደጋፊ፦ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር መዝዘው ሥራውን እንደማላውቅ አድርገው ማቅረብዎ አግባብ አይደለም። ሞግዚቶች የሚለቁት ሥራውን ጠልተው አይደለም። የማቆያ ወጪ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ደመወዙን የሚሸፍነው የወላጅ ክፍያ ብቻ ሲሆን አንዱን ሳይጎዱ ሌላውን ማሻሻል አይቻልም። ክፍያው ቢጨመር ወላጅ ልጁን ያስወጣል፣ ባይጨመር ሞግዚቷ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ትሄዳለች። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው የመንግሥት ገንዘብ ብቻ ነው። በጀቱ ደመወዝ ላይ ይዋል፣ ሥልጠናም ይክፈል።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው «ሕንፃ ይሠራ» ያሉት ቀረ ማለት ነው። እኔም የምቃወመው እሱን ነው፤ ክፍሉ ስላለ ብቻ ሠራተኛው አይመጣም። ጀርመን ከነሐሴ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ዓመት ለሞላው ልጅ ሁሉ የማቆያ ቦታ በሕግ መብት አድርጋለች፤ ዛሬም ግን በሠራተኛ እጥረት የሥራ ሰዓት የሚያሳጥሩ ማቆያዎች አሉ። የጠቀሷትን ኩቤክም ሙሉውን ይንገሩን። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የእናቶች ሥራ መጨመሩን ቢያሳይም፣ ሕፃናቱ ላይ ጠበኝነትና ጭንቀት መጨመሩን አብሮ አሳይቷል።

ደጋፊ፦ ጀርመንን ካነሱ ሌላውንም ገጽ ያንሱ። መብቱ በሕግ በመጻፉ የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016፣ ማዘጋጃ ቤቱ በጥፋቱ ቦታ ካላቀረበ ወላጅ በዚህ ያጣውን ደመወዝ ሊጠይቅ እንደሚችል ወስኗል። እጥረቱ ወጪ ሆኖ መንግሥት ላይ የሚመጣው እንዲህ ነው። እርስዎ እንደሚሉት ሠራተኛ እስኪሟላ ብንጠብቅ የዛሬው የ1 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል።

ተቃዋሚ፦ ጠብቁ አላልኩም፤ ያላልኩትን አይጻፉብኝ። የኩቤክን ሕፃናት ጉዳይም በዝምታ አለፉት። ጨቅላ ልጅ የሚመገበውና የሚተኛው በለመዳት እጅ ነው። ሞግዚት በተለወጠች ቁጥር ጡጦውን ይገፋል፣ እንቅልፉ ይዛባል፤ አዲሷ ደግሞ የትኛው ለቅሶ የረሃብ፣ የትኛው የእንቅልፍ እንደሆነ ለመለየት ሳምንታት ይፈጅባታል። በዓመት ሦስቴ ሞግዚት የሚቀያየርበት ክፍል ማቆያ ሊባል አይገባም።

ደጋፊ፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ግን ሞግዚቷን የሚያቆያት ምንድን ነው? ደመወዟ ነው። ክፍያው በወንበር ብዛት መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ በተሸፈነው የሞግዚት ሰዓት ይሁን።

ተቃዋሚ፦ በሰዓት ከሆነ እስማማለሁ፤ የጧትና የማታው ፈረቃ ለየብቻ ተቆጥሮ፣ የተተኪዋ ደመወዝም በጀቱ ውስጥ ተይዞ ከሆነ። ተተኪ ያልተያዘለት ክፍል የመክፈቻ ፈቃድ አይሰጠው።