ሙዚየም በውክልና

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ከያዘ 25 ዓመት የሞላው ወዳጅ አለኝ። የዚህን ከተማ ሙዚየሞች የእሱን ያህል የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሄድ ሰው ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ፣ አሥረኛው መንገድ ጋ ቢወርድ እንደሚሻለው፣ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት ገበያው እንዴት እንደደራ፣ የትኛው ደጃፍ ላይ ስንት ደቂቃ ቢቆም ፖሊስ እንደሚያባርረው በቃሉ ይወጣዋል። ውስጡ ምን እንዳለ ሲጠይቁት ግን አንገቱን ይደፋል። «እኔ ምኑን አውቄ? እኔ እስከ በሩ ነኝ።»

እስከ በሩ! እንዲህ ያለ ጨዋነት የት ይገኛል? ሐበሻ ካልተጠራበት አይገባም። እነዚህን ሙዚየሞች የሚያስተዳድረው ስሚትሶኒያን የሚባለው ተቋም ደግሞ እኛ እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ አንድም ቀን የጥሪ ካርድ አልላከልንም። በሩን ከፍቶ ዝም ነው። መግቢያው ነጻ መሆኑም ራሱ ያስጠረጥራል። አብዛኞቹ ሙዚየሞቹ ከዲሴምበር 25 በቀር ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ ቲኬት ቆረጥክ አልቆረጥክ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? 30 ዶላር ቢያስከፍሉና «ቦታ ሳይሞላ ቲኬትዎን ይቁረጡ» የሚል ፖስተር ሬስቶራንቶቻችን በር ላይ ቢለጥፉ፣ ዘፋኙ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መድረክ እንደሚወጣበት ኮንሰርት አጊጠን በተሰለፍን ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። በእኛ አይተረትም፤ ልጥም አልነከርንበትም። ጠበሉን ጠብታ ሳይጎድልበት እንዳለ ጠብቀን አቆይተነዋል።

ደግሞ ጠባዩ ከተቋሙ አባት የመጣ ነው። ጀምስ ስሚትሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ሀብቱ ለአሜሪካ እንዲደርስ ሲናዘዝ፣ እግሩ አንድ ቀን እንኳ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። እሱ ሳያይ ሰጠ፤ እኛም ሳናይ ተቀበልን። ሰውየው በ1829 ጣልያን አገር ጄኖዋ ላይ ሞተ፣ ተቋሙ በ1846 ተመሠረተ፣ አጽሙ ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ1904 ነው። ባለቤቱ በስሙ ወደተሠራው ቤት ለመግባት፣ ያውም ሞቶ፣ 75 ዓመት ከፈጀበት የወዳጄን 25 ዓመት ምን ያስቸኩለዋል?

እንግዳ ሲመጣብን ነገሩ ትንሽ ይቀየራል። ባለፈው ሰመር አክስቴ ከአዲስ አበባ መጡ። «ነገ ሞል እንወስድዎታለን» አልናቸው፤ ናሽናል ሞልን ማለታችን ነው። እሳቸው ባዶ ሻንጣ እየጎተቱ ወጡ። ከካፒቶል እስከ ሊንከን የተዘረጋውን ሣር ዞር ዞር ብለው አዩና «ልጄ፣ ሱቁ የት ጋ ነው?» አሉ። ግራና ቀኙ ሙዚየም ነው ብሎ ማስረዳት እንግዳ ማስቀየም ነው። ካፒቶልን ከኋላቸው አድርገን አንድ ፎቶ አነሳናቸውና በቀጥታ ፖቶማክ ሚልስ ወደሚባለው የገበያ አዳራሽ። እዚያ አምስት ሰዓት ቆየን። ከአዳራሽ አዳራሽ በቀስታ እየተዘዋወርን፣ እያንዳንዱ ጫማ ፊት ቆም እያልን፣ የተሠራበትን አገርና ዋጋውን እያመሳከርን፤ አንድም ዕቃ መግለጫው ሳይነበብ አልታለፈም።

በድንቅነሽ ግን ቀልድ የለም። ፌስቡክ ላይ የሰው ዘር መገኛ መሆናችንን የሚጠራጠር ቢገኝ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለን እንሟገታለን። አምስት ኪሎ፣ በብሔራዊ ሙዚየሙ አጥር ሥር ታክሲ ስንጠብቅ አድገን ከአጥሩ ወዲያ አንገታችንን አላሰገግንም፤ ዘመድ ናት፣ ዘመድ የትም አይሄድም። የጎረቤቴ ልጅ በቀደም ከክፍሏ ልጆች ጋር የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ጎብኝታ፣ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚያሳየውን አዳራሽ አይታ ተመለሰች። «አባዬ፣ ሉሲ እኮ እኔን ነው የምታህለው!» ብትለው «ዝም በዪ! በ3.2 ሚሊዮን ዓመት የምትበልጥሽን ትልቅ ሰው!» ብሎ ተቆጣት። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ድንቅነሽ ከ1 ሜትር እምብዛም አትዘልም። ቢሆንም አባት የድርሻውን ተወጥቷል። የጉብኝቱን ፈቃድ ወረቀት የፈረመው እሱ ነው፤ እሷ ወክላው አይታለታለች።

ውክልና ካነሳን አይቀር፣ ኤምባሲያችንን የማያውቅ የለም። እዚያ ግድግዳው ላይ ሠዓሊዎቹ እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ በ2001 የሠሩት፣ 16 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአሉሚንየም ቅርጽ አለ። የየሃይማኖቱ ምልክት፣ የሙዚቃ መሣሪያው፣ የሥራ ዕቃው፣ ዕፀዋቱና እንስሳቱ ሁሉ አሉበት። ግድግዳው የተሰየመበት የእንግሊዝኛ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ ምን ይሆናል? «የውክልና ግድግዳ»! ታዲያ እኛስ ለምን ሆነና የምንሄደው? ለቤት መሸጫ፣ ለመኪና ማዛወሪያ፣ ለወንድም፣ ለእህት ስንት ጊዜ ተመላልሰን ውክልና ሰጥተናል፤ ዓይናችን ግን ከተራ ቁጥራችን ላይ አልተነቀለም። 16 ሜትር ጥበብ ሳያዩ ማለፍ እንዲሁ የሚገኝ ችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ ልምምድ ይጠይቃል።

እስክንድር ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ በ2003 እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ያረፈው። ከሃዋርድ እስከ ዘጠነኛው መንገድ ክትፎ ቤቶች በእግር ይደረሳል፤ ክትፎ ቤቶቹን እናውቃቸዋለን። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎችን ሥራ አሰባስቦ አሳይቶ ነበር። እኛ ዳብል ሺፍት ላይ ነበርን።

እኔን ግን እንዳታሙኝ፤ እኔ ገብቻለሁ። ባለፈው ዊንተር፣ ተሳፋሪ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደጃፍ አውርጄ ሽንቴ ወጥሮኝ መኪናዬን ፍላሸር አብርቼ ሮጥኩ። ጥበቃው ፈትሾ አስገባኝ። አዳራሹ መሐል ኩምቢውን ሽቅብ ያነሳ፣ ቤት የሚያህል ዝሆን ቆሟል፤ በእጄ ሰላም ብዬው እየሮጥኩ አለፍኩ። መጸዳጃ ቤቱ እንዴት ያለ ንጹሕ ነው! ሳሙናው ሞልቷል፣ ውሃው ሙቅ ነው። ተደስቼ ስወጣ መኪናዬ መስታወት ላይ የኮንሰርት ቲኬት የሚያህል ቅጣት ተሰክቶ ጠበቀኝ። ነጻ ነው ያላችሁት ይሄ ነው?