መብራቱም ሄደ፣ ብራችንም ሄደ

የኳስ ማሳያ ቤቶች ነገር ትናንት ግን በቃኝ! ጨዋታው 70ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ያለነው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ መብራት መጥፋቱ አይገርመኝም። ያናደደኝ በር ላይ የቆመው ልጅ ነው። «ጄኔሬተር እንድናስነሳ 20፣ 20 ብር ጨምሩ» አለን። ለምን ተብሎ? ስገባ 50 ብር የከፈልኩት ለምን ነበር?

ጨዋታው ትልቅ በሆነ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል። ደርቢ ነው? እጥፍ። ሻምፒዮንስ ሊግ ነው? እጥፍ። ከፍለህ ስትገባ መቀመጫ የለም። ትናንት አጠገቤ የነበረው ልጅ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ነው የተቀመጠው። እሱም እንደኛ ሙሉውን ከፍሏል። ደግሞ «ምን ልታዘዝ?» ይመጣል። ካላዘዝክ ትገላመጣለህ። ቆይ፣ መግቢያ ከፍዬ የለም እንዴ?

በካሴት ዘመን ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። አንዴ ከፍለን ሁለት ፊልም እናያለን። መብራት ከሄደ ሰውየው «ነገ ኑ» ይለናል። በማግስቱ መልካችንን እያየ ያስገባናል። ያ ሰው ሀብታም አልነበረም። ግን የልጅ ሳንቲም አይበላም ነበር። ዛሬ 90 ደቂቃውን ቆራርጠው ይሸጡልናል።

«በስልክህ እይ» የሚለኝ አለ። በየትኛው ኔትወርክ? ደግሞስ ኳስ ብቻውን ይታያል? ጎል ሲገባ ማንን ልቀፍ?

20 ብሯን ከፈልኩ። ምን ላድርግ? ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ሲነሳ 88ኛው ደቂቃ ነበር። ጎሉ ገብቶ አልቋል።