አሳድገን ለሰው፣ እስከ መቼ?

ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ማታ የቤዝቦሉን ፍጻሜ፣ የወርልድ ሲሪሱን ሰባተኛ ጨዋታ ካየሁ ወዲህ አንጀቴ እያረረ ነው የሰነበተው። ዛሬ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ክለቤ ዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። ቤዝቦል የማትከታተሉ ወገኖቼ ታገሡኝ፤ ክለብ ወዶ የተቃጠለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕመም ስለሆነ ይገባችኋል።

ቶሮንቶ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ነው። ለቶሮንቶ የመጀመሪያውን ኳስ ሊወረውር የወጣው ማን ነው? ማክስ ሸርዘር። የ41 ዓመት ሰው! የኛው ሸርዘር፤ በ2019 ወርልድ ሲሪስ አንገቱን ማዞር አቅቶት አምስተኛውን ጨዋታ ካመለጠው በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሂውስተን ላይ ሰባተኛውን የጀመረልን ሸርዘር። ከዶጀርስ ወገን ደግሞ አሌክስ ኮል አለ። ይሄ ልጅ እኮ እስከ ጁላይ 31 ድረስ እዚሁ ዋሽንግተን ነበር! እኛ በሌሎች ተጫዋቾች ለወጥነው፣ በሦስት ወሩ የሻምፒዮን ቀለበት አጠለቀ። ሌላው አገር ሻምፒዮን ሲሆን የኛን ሰዎች በቴሌቪዥን እየቆጠርኩ ማምሸት ሰለቸኝ። በቃ ሰለቸኝ።

እኔ ይሄን ጨዋታ የለመድኩት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ነው። መጀመሪያ ምንም አይገባኝም ነበር። ግን ቤዝቦል ለታክሲ ነጂ የተፈጠረ ጨዋታ ነው፦ በዓመት 162 ጨዋታ፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ማታ ማታ ማለት ይቻላል አለ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ተሳፋሪ አውርደህ ስትመለስ ያው እዚያው ትደርስበታለህ። ሬዲዮ ላይ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር ሲያስተላልፉ እየሰማሁ እንግሊዝኛዬም ከነሱ ጋር ተቃና። ሜዳችን ካለበት ከኔቪ ያርድ የሚወጣውን ሰው ስጭን ማሸነፍ መሸነፋችንን ከፊቱ አነብ ነበር። ልጄ ሲወለድ እኔ ቀድሞውኑ የናሽናልስ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ «አንተ ደግሞ ምን አገባህ፣ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ያገባኛል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ፍቅር ነው።

2019ን ማን ይረሳል? ከ50 ጨዋታ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር። አለቀላቸው ተባለ። ከዚያ ተነሡ። ኦክቶበር 1 ከሚልዋኪ ጋር፣ ጨዋታው ካሉት ዘጠኝ ዙሮች (ኢኒንግ) በስምንተኛው፣ ገና 21 ዓመት ያልሞላው ሁዋን ሶቶ መታትና ስታዲየሙ ተናወጠ። ዶጀርስን በተጨማሪው፣ በአሥረኛው ኢኒንግ ሃዊ ኬንድሪክ ጨረሳቸው፤ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ሂውስተንም የወደቀችው በዚሁ በኬንድሪክ ዱላ ነው። ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ ያላየችውን ዋንጫ አየች። ያን ሌሊት መኪናዬን አቁሜ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ አልቅሻለሁ።

ከዚያስ? ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ካሸነፍነው የተሸነፍነው ያልበለጠበት ሲዝን የለም። አንድም! 2021 ላይ 97 ሽንፈት። 2022 ላይ 107። 2023 እና 2024 ሁለቱንም 91፣ ትንሽ ቀና ልንል ነው ስንል በ2025 ተመልሰን 96። ወደፊት እየሄድን ነው ተብሎ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲነገረን ኖረን፣ መጨረሻ ላይ የሄድነው ወደ ኋላ ነው።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። በ2025 የኛ ውጤት 66 ድል፣ 96 ሽንፈት። ፊላደልፊያ 96 ድል፣ 66 ሽንፈት። ቁጥሩ ተገልብጦ እኮ ነው! ምድባችን አንድ ነው፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እና ያን ውጤት ለፊላደልፊያ ያመጣው ማን ነው? ብራይስ ሃርፐር፦ በ2010 በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት) አንደኛ መርጠን ያሳደግነው፣ በ2019 በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር የወሰዱት። ትሬይ ተርነር፦ ከኛ ጋር ዋንጫ ያነሳ፣ በ2025 በናሽናል ሊግ በምት አማካይ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ካይል ሽዋርበር፦ በ2021 በአንድ ጁን ወር ብቻ 16 ሆም ረን (ኳሱን ከአጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) መትቶልን፣ ወር ሳይቆይ ለቦስተን የሰጠነው፤ በ2025 ለፊላደልፊያ 56 መታ። ሦስቱ ናቸው የዚያ ቡድን ምሰሶ። ሦስቱም በኛ ቤት ያለፉ ናቸው። የሲዝኑ መክፈቻ ቀን እዚሁ ሜዳችን ላይ ለኛ ይወረውር የነበረው ማኬንዚ ጎር 13 ሰው በስትራይክ አውት (መቺው ሦስት ዕድሉን ጨርሶ ሲወጣ) መልሶ፣ በ6 ኢኒንግ አንዲት ምት ብቻ ሰጥቶ፣ እኔ በደስታ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። እሱ እንደወጣ ተቀያሪ ወርዋሪዎቻችን ገቡ። ሃርፐር ሆም ረን። ሽዋርበር ሆም ረን። በአሥረኛው ኢኒንግ ተሸነፍን። የዓመቱን ታሪክ የዚያን ቀን አየሁት፦ አንድ ልጅ ብቻውን ይለፋል፣ ከኋላው ያለው ያፈርሰዋል፣ የሚቀጡን ደግሞ የራሳችን ልጆች ናቸው። ጎር ዓመቱን በ5 ድልና በ15 ሽንፈት ጨረሰ። እንደዚያ ወርውሮ 15 ሽንፈት! ልጁ ምን በደለ?

የሶቶ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ16 ዓመቱ ወሰድነው፣ በ19 ዓመቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ገባ፣ በዓይናችን ሥር አደገ። ክለባችን 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን አቀረበለት፣ አልፈርምም አለ። መብቱ ነው፤ በኋላ የኒውዮርኩ ሜትስ 765 ሚሊዮን ሲሰጠው ትክክል እንደነበር ታየ። ግን ልብ በሉ፣ ፍሪ ኤጀንት (ወደፈለገው ክለብ መሄድ የሚችል) ሊሆን ገና ሁለት ዓመት ተኩል ይቀረው ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ማሳመኛ ጊዜ ነበረን። ኦገስት 2 ቀን 2022 ለሳንዲያጎ ለወጡት። እዚህ አገር ትሬድ ማለት እንደ እግር ኳሱ የዝውውር ገንዘብ አይደለም፣ ሰው በሰው ነው የሚለወጠው፤ ተጫዋቹንም በአብዛኛው የሚጠይቀው የለም። ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ከኔ በፊት በስልኩ አየው። የ22 ቁጥር ማሊያውን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ስለሱ ሁለተኛ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ልውውጡ ራሱ መጥፎ ነበር አልልም። በሶቶ ምትክ የመጡት ሲጄ ኤብራምስ፣ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሃሰል፣ ሱሳና። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ማይክ ሪዞ ያን ቀን ጥሩ ገበያ ነው ያወጣው። ግን አምስት ጥሩ ልጅ ይዘህ ዙሪያቸውን ካልሠራህ ምን ይጠቅማል? ከወርዋሪው ከእስጢቨን ስትራስበርግ ኮንትራት በኋላ ባለቤቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። 7 ዓመት፣ 245 ሚሊዮን፤ ከፈረመ በኋላ መወርወር የቻለው 8 ጨዋታ ብቻ። እስጢቨን ላይ አልፈርድም፣ አካሉ ነው እምቢ ያለው፣ ዋንጫውንም ያመጣልን የዚያ ዓመት ምርጡ እሱ ነው። ግን አንዴ ተቃጠልን ብሎ ቤት ሙሉ ማጨለም ምን ይባላል? የአንድ ዓመት ኮንትራት፣ ርካሽ ተጫዋች፣ ደህና ከሠራ ጁላይ ላይ መለወጥ፣ እንደገና ከዜሮ። በ2025ም ያው፦ ኮል ሄደ፣ ጨዋታ የሚዘጋልን ፊኔገን ወደ ዲትሮይት ሄደ፣ ሶሮካ ወደ ችካጎ።

እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ እኮ ወርደናል! ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር አለ፣ ፍርሃት አለ፣ ባለቤት ቤቱ በደጋፊ ይከበባል። እዚህ ግን መጨረሻ የወጣ አይወርድም። እንዲያውም በድራፍት ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ይሰጠዋል። ስለዚህ መሸነፍ እቅድ ሆነ፣ ስሙም «መልሶ ግንባታ» ተባለ። በ2022 ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻ ሆነን፣ የድራፍቱ ተራ የሚወጣበት ዕጣ ሁለተኛ አደረገን፤ ፒትስበርግ አንደኛ ወጥታ ፖል ስኪንስን ወሰደች፣ በ2025 በናሽናል ሊግ የምርጥ ወርዋሪነቱን፣ የሳይ ያንግ ሽልማት የወሰደው እሱ ነው። እኛ ዲላን ክሩስን ወሰድን። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕጣው ውስጥ እንኳ አላስገቡንም፣ አሥረኛ መረጥን። ለምን? የሊጉ ሕግ ከሀብታሞቹ፣ ለሌሎች ገቢ ከሚያካፍሉት ክለቦች አንዱ ዕጣው ላይ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አይወጣም ስለሚል ነው። ይሄን ሰማችሁ? ሊጉ ራሱ ሀብታም ናችሁ ብሎናል! በወረቀት ሀብታም፣ በሜዳ ድሃ። በዋና ከተማው፣ እንዲህ ዓይነት ገንዘብ ባለበት ከተማ፣ አንድ ደህና ወርዋሪ የማይገዛ ክለብ።

የክለቡ ባለቤት የለርነር ቤተሰብ በ2022 ክለቡን ልንሸጥ እያየን ነው አለ። እሺ አልን። ሁለት ዓመት ጠበቅን። በ2024 አንሸጥም አሉ። እሺ። አትሽጡ፣ ግን ያዙታ! የያዘ ሰው ይንከባከባል። ጁላይ 6 ቀን 2025 ሪዞንና አሠልጣኙን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበቱ፣ ዋንጫውን ያመጡልንን ሁለት ሰዎች። ውጤቱ ከፍቷል፣ አሠልጣኝ ይቀየራል፣ ያ ገብቶኛል። ግን ዱቄት ያልሰጡትን ሰው እንጀራ አልጋገርክም ብሎ ማባረር ግፍ ነው።

አሁን በሪዞ ቦታ ፖል ቶቦኒ በ35 ዓመቱ ከቦስተን መጥቷል፣ አሠልጣኙ ብሌክ ቡቴራ ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር። ወጣት መሆናቸው አያስከፋኝም። ከልቤ እመኝላቸዋለሁ። በ2025 ድራፍት በ17 ዓመቱ አንደኛ የመረጥነው ኢላይ ዊሊትስም ገና ልጅ ነው፣ ያድጋል። ግን እስኪያድግ ማን ይጠብቃል? ልጄ አሥራ አምስት ሆኗል። ሻምፒዮን የሆንነው ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሽንፈት ነው። ዊሊትስ ሲደርስ እሱ ኮሌጅ ገብቶ ሌላ ከተማ ይሆናል።

ስለ ጄምስ ዉድ ግን፣ ባለቤቶቹ፣ ልለምናችሁ። እባካችሁ። ሜሪላንድ የተወለደ ልጅ ነው፣ ሮክቪል፣ የኛ ሰው ሞልቶ ከሚኖርበት ሰፈር። ሁለት ሜትር ቁመት፣ በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ፣ በ2025፣ 31 ሆም ረን። አዎ፣ 221 ጊዜ በስትራይክ አውት ወጥቷል፣ ከሲዝኑ አጋማሽ በኋላ ደክሞት ነበር፣ ይሄን አልሸፍንም። ግን ጁን ላይ የሎስ አንጀለሱ ኤንጅልስ ክለብ ምን እንዳደረጉት አስታውሱ፦ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ፣ አራት ጊዜ! ሆን ብለው ሳይወረውሩለት ወደ አንደኛ ቤዝ ሸኙት። ከ2004፣ ከታላቁ መቺ ከባሪ ቦንድስ ጊዜ ወዲህ ያልታየ ነገር። እሱን ፈርተው ብቻ አይደለም፣ ከሱ ቀጥሎ የሚመታውን ስላልፈሩ ነው። ከኋላው አንድ የሚያስፈራ መቺ ቢኖር ይሄን ያደርጉ ነበር? ልጁ የሚመታው ኳስ አጣ፣ ከዚያ የማይመታውን ማሳደድ ጀመረ። የሚሰበረው እንደዚህ ነው።

አሁን አስፈርሙት። ዛሬ። ዋጋው ገና ሰማይ ሳይነካ፣ ዓመቱ ገና ሳለ። እንደ ሶቶ ቀኑ ተቃርቦ ሲጨንቃችሁ አይሁን። ልጄ የ29 ቁጥር ማሊያውን ግዛልኝ ካለኝ ወር አልፎታል፤ እኔ ነኝ ነገ ዛሬ የምለው። ያ መሳቢያ ትዝ እያለኝ።

በየዲሴምበሩ ክለቦቹ ሁሉ ለተጫዋች ገበያ ይሰበሰባሉ። ኮከብ አምጡ አላልኩም፣ የዶጀርስን ያህል አውጡ አላልኩም። ሜዳ ወጥቶ ስድስት ኢኒንግ የሚችል ወርዋሪ፣ የመራነውን ጨዋታ በስምንተኛው የማያስረክብ ሁለት ሰው፣ ከዉድ ቀጥሎ የሚቆም አንድ መቺ። ይሄ ነው የምለው። እኔ ያው መኪናዬ ውስጥ ነኝ፣ ተሳፋሪ በወረደ ቁጥር ስልኬን አያለሁ።