አባቴን ይዤ እመጣለሁ
እንግሊዝ አገር ጡረተኞች በነፃ የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ይጠግናሉ ብላችሁ የጻፋችሁትን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። አባቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ዛሬም አሮጌ አሉሚኒየም ካዩ በጥፍራቸው ጫር ያደርጉታል። ነጭ ዱቄት ከወጣ "ይሄ ተበልቷል" ይላሉ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ሪቬቱ (ቆርቆሮውን የሚያያይዘው ምስማር) ዙሪያ ውስጥ ውስጡን ነው የሚያልቀው። ይህን የሚያውቁ እጆች እያረጁብን ነው፤ በጣም ያሳስበኛል። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን የተሠራችው አውሮፕላን «ፀሐይ» ከጣሊያን በ2016 ስትመለስ አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት አለቀሱ። እባካችሁ፣ ቢሾፍቱና አዳማ ያሉ የቀድሞ መካኒኮችን ከወጣቶች ጋር የሚያገናኝ ሰው ይነሳ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴን ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ። የመፍቻ ሳጥናቸውም አሁንም አልጋ ሥር አለ።