ውዳሴ ለተመልካቹ ብሔራዊ ቡድን

ስለ ሯጮቻችን ያልተባለ ነገር የለም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፎ ታሪክ ሆነ። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ጠራርጎ ወሰደ። (ዓመቱን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው፤ ኦሎምፒክ በዚያ ነው የሚቆጠረው።) ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ሁሉም ምስጋናቸውን በደንብ አግኝተዋል። ይገባቸዋልም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እነሱ በሮጡ ቁጥር ሶፋ ላይ ሆኖ አብሯቸው ያላበውን ሰው እስካሁን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ይህ ሰው ተመልካቹ ነው። የ10 ሺህ ሜትሩን ሃያ አምስት ዙር ጀምሮ አቋርጦ አያውቅም። ጉዳት ደርሶበት ከውድድር ውጭ የሆነበት ጊዜም የለም፣ መብራት የጠፋ ቀን ካልሆነ በቀር።

ዝግጅቱን እንይለት። ሯጩ ለአንድ ኦሎምፒክ አራት ዓመት ይለማመዳል። ተመልካቹ አራት ዓመት ያርፋል። ይሄ ቀላል ዲሲፕሊን እንዳይመስላችሁ። በመሀል የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አለ፣ የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ አለ፣ ዳይመንድ ሊግ አለ። በአንዱም አይፈተንም። ድምፁን ይቆጥባል። ልጆቹ ጫማ በማን ገንዘብ እንደሚገዙ፣ የመለማመጃ መም የት እንደሚገኝ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ትኩረት ይበትናል።

መክፈቻው ሳምንት ሲቀረው ግን ሙሉ አሠልጣኝ ሆኖ ብቅ ይላል። «እገሌን ለምን ቀነሱት? እገሊት ለምን ሁለት ርቀት አትሮጥም?» የእገሌን ስም የሰማው ትናንት ማታ ነው። ዛሬ ሚኒማውን (ለውድድሩ የሚያበቃውን ሰዓት) ያውቃል፣ የተወለደበትን ቀበሌ ያውቃል፣ ፌዴሬሽኑ ውስጥ ማን ማንን እንዳኮረፈ ሳይቀር ያውቃል። ሌላው አገር እንዲህ ያለ ባለሙያ ለማፍራት ዩኒቨርሲቲ ይከፍታል። እኛ ማኪያቶ ብቻ ይበቃናል።

ብቃቱን በዓይኔ ያየሁት በፓሪስ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወንዶች ፍጻሜ ዕለት ነው። አርብ ማታ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ብሎ። ሰፈራችን ያለው ግሮሰሪ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከፍሪጁ በላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ አንድ ጋሼ ድራፍታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከወንበራቸው ለመነሳት ሁለት ሰው የሚደግፋቸው ሰው ናቸው። መም ላይ ሰለሞን ባረጋ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻ እና በሪሁ አረጋዊ አሉ።

«አክርሩት!» አሉ ጋሼ ገና በሁለተኛው ዙር። «ዙሩን አክርሩት!»

ልጆቹ አከረሩት። እየተቀያየሩ ፊት ወጡ፣ ጎተቱ፣ ፍጥነቱን ሰቀሉት። ጋሼ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱ። «ይሄ ነው የቡድን ሥራ! ሳንባቸውን አፍርጡላቸው!» ግሮሰሪው በሙሉ ተስማማ። አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ጋሼ ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ምናምን ዙር ሙሉውን መሩት። ማን ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ማን ትንፋሹን እንደሚሰበስብ ተናገሩ። በመሀል ፓሪስ የሚሰማቸው መሰላቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ እያወናጨፉ በሪሁን «አንተ ቆይ፣ አሁን አይደለም» አሉት።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ አፈትልኮ ወጣ። በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ከ14 ማይክሮ (የሰከንድ መቶኛ) ገባ። በሪሁ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሁሉንም እየጠራረገ መጥቶ በ30 ማይክሮ ልዩነት ሁለተኛ ሆነ።

ዝም። ከዚያ ጋሼ ቀስ ብለው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ማነው ፊት ውጡ ያላቸው?» አሉ። «ሰው እየጎተተ ያሸንፋል? ዝም ብለው ከኋላ ቢይዙት ምን ነበረበት! ይህን አሠልጣኝ ማባረር ነው።»

ልብ በሉ። ከ27 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስልቱን አወጡ፣ አስፈጸሙ፣ ነቀፉ፣ ተጠያቂውንም ሰው ለይተው ከሥራ አሰናበቱ። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው አንድ ጉዳይ በዚህ ፍጥነት የሚጨርስላችሁ? ከተቀመጡበትም አልተነሱም።

አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በሪሁ እኮ ቀነኒሳ ከ2008 ጀምሮ ይዞት የነበረውን የኦሎምፒክ ሰዓት አሻሽሎ ነው ብር ያመጣው» ለማለት ሞከረ። ልጅነት ነው። «ብር ምን ያደርጋል!» አሉት። ሌላ ቀን ብር የሚንቁ ሰው አይደሉም። ለሠርግ ሦስት ሰዓት አርፍዶ ይመጣል ተመልካቹ፤ በ30 ማይክሮ ለዘገየ ልጅ ግን ይቅርታ የለውም። የአገር ክብር ነዋ።

ከሳምንት በኋላ የወንዶች ማራቶን መጣ። ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ጉዳት ስለደረሰበት ነው የገባው። ተመልካቹ ዋዜማውን በሐዘን አሳለፈ። «በተጠባባቂ ወርቅ? እንግዲህ እግዜር ይሁነን» አለ። ታምራት በዚያ አቀበት በበዛበት ጎዳና ብቻውን ወጥቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ገባ። በዚያው ቅጽበት ተመልካቹ «መጀመሪያም ብያችሁ ነበር!» አለ። ለማን እንዳለ የሚያስታውስ የለም። ግን ብሏል።

እንደዚህ ያለ ቀን የደስታው ፍሰት ያስገርማል። ሯጩ ገና ውሃ አልጠጣም፣ ተመልካቹ ፌስቡክ ላይ ባንዲራ ለጥፏል። ከሜሪላንድ የአጎቱ ልጅ ይደውላል። እዚያ ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲያይ ነው ያደረው። «እንኳን ደስ አለህ!» ይለዋል። «እንኳን አብሮ ደስ አለን!» ይመልሳል፣ ትንሽ እንደደከመው ሰው በረጅሙ እየተነፈሰ። ሽልማቱ ሲሰጥ ከሶፋው ይነሳል። እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። መዝሙሩ ሲጀመር በሙሉ ድምፁ ይገባል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል፣ እሱን አልክድም። እንባው እውነተኛ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ችሎታው ልምጣ። የዜግነት ጉዳይ። ይህን ሥራ ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ተሰልፈን ወራት የምንጠብቅበት ጉዳይ አድርጎ የሚያስብ አለ። ተመልካቹ የማጠናቀቂያው መስመር ላይ ቆሞ በሰከንድ ይጨርሰዋል።

ሲፋን ሐሰንን እንውሰድ። አዳማ ተወልዳ፣ በልጅነቷ በስደት ኔዘርላንድ የገባች ልጅ ናት። ቶኪዮ ላይ 5 ሺህ እና 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የእኛ ልጅ ነበረች። «ደሙ የት ይሄዳል!» ተባለ። በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ቡዳፔስት ላይ በ10 ሺህ ሜትር መስመሩ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀችና ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይ እና እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገቡ። ያን ቀን ሲፋን በደንብ ሆላንዳዊት ነበረች። ፓሪስ ላይ ደግሞ በማራቶኑ የመጨረሻ መታጠፊያ ከትዕግስት አሰፋ ጋር በክርን ተገፋፍታ በሦስት ሰከንድ ቀደመቻት። ያን ጠዋት ዜግነቷ ሁለቴ ተለዋወጠ። ክርኑ ሲነካ ፈረንጅ ሆነች። አቤቱታችን ውድቅ ሲደረግ ጭራሽ ባዕድ ሆነች። ቀትር ላይ ግን አንዱ ተመልካች ነገሩን አሰላስሎ፣ «ያው ወርቁም ብሩም የእኛው ነው» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

በዚህ አሠራር ማሩ ተፈሪ በዚያው ቡዳፔስት ላይ ለእስራኤል ያመጣው የማራቶን ብር ወደ እኛ ሒሳብ ገብቷል። ለባሕሬን የሮጠችው የማርያም ጀማል የዓለም ሻምፒዮናም እንዲሁ። አልፎ አልፎ አንዱ «ለምን ሄዱ?» የሚል ጥያቄ ያነሳል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ቻናል ይቀይራል።

ኳሱን በአጭሩ ልለፈው፣ ቁስል መነካካት አልወድም። በእግር ኳስ ተመልካቹ አሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ሊቅ ነው። የማጣሪያ ጨዋታ በመጣ ቁጥር ካልኩሌተር ይወጣል። «እነ እንትና አቻ ከወጡ፣ እነዚያ ደግሞ በሁለት ጎል ከተሸነፉ፣ እኛ ሦስት ካገባን እናልፋለን።» ትምህርት ቤት በሒሳብ የወደቀ ሰው ነው ይህን የሚያሰላው። ካልኩሌተሩ እምቢ ሲል የ1962ቱ ዋንጫ ይወጣል። ያኔ እዚሁ አዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ወስደናል። ተመልካቹ ያን ጊዜ አልተወለደም፣ ግን ሜዳ ውስጥ የነበረ ነው የሚመስለው።

ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ ደግፏል። በዛምቢያው ጨዋታ በረኛችን በቀይ ካርድ ሲወጣ ቩቩዜላውን ወደ ሜዳ ወርውሮ ለቡድኑ አስረክቧል። ከዚህ በላይ ምን ይስጥ? በ2022 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉም አብሯቸው ነበር፣ በቴሌቪዥን። ጨዋታው በሜዳችን ነበር፤ ሜዳችን ያኔ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) አገር ቤት ያሉትን ስታዲየሞች ደረጃቸውን አላሟሉም ብሎ ስለከለከለ ነው። ተጫዋች ተቸግሯል፣ ፌዴሬሽን ተቸግሯል። ተመልካቹን ግን ምንም አልነካውም። የሱ ሶፋ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም።

የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ደግሞ ሌላ አገር ይከራያል። ለአንድ ወር ብራዚላዊ ወይም አርጀንቲናዊ ይሆናል። በ2014 ብራዚል በጀርመን 7 ለ 1 ስትመታ እንጀራ አልወርድ ብሎት ያደረ ሰው አውቃለሁ። ሚስቱ ብራዚል የት እንዳለች ስትጠይቀው ግን «ወደዚያ» ብሎ በእጁ ወደ ኮልፌ አሳያት።

አንድ ነገር ብቻ ላንሳና ላብቃ። ከዚህ ሁሉ ውዳሴ በኋላ ወቀሳ እንዳይመስልብኝ። ማለዳ በሰንዳፋ ወይም በሱሉልታ መንገድ ያለፈ ሰው ሯጮቹን ሳያይ አይቀርም። ስስ ቱታ ለብሰው፣ በጭጋጉ ውስጥ በሰልፍ የአስፋልቱን ዳር ይዘው ይሮጣሉ። ከፊታቸው አይሱዙ፣ ከኋላቸው ሚኒባስ። አንድ ቀን ከተመልካቾች አንዱ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ያው በፓሪሱ ወርቅ ዕለት ሲያለቅስ ያየሁት ሰው ነው። ኋላ መመልከቻው ላይ ትንሽ ባንዲራ ተንጠልጥላለች። ከፊቱ ስድስት ልጆች ሲሮጡ ሲያይ ጡሩምባውን እስኪበቃው ነፋው። ልጆቹ ተበታትነው ኮረኮንቹ ላይ ወጡ። አንዷ እግሯ ተጣመመና ትንሽ አነከሰች። እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ሥራ የላችሁም እንዴ!» አላቸውና ነዳው።

ምን አለበት? ቁጥር አልለጠፉ፣ ኮሜንታተር የላቸው፣ በምን ያውቃቸዋል! ከነዚያ ስድስት አንዷ ከሦስት ዓመት በኋላ ስክሪኑ ላይ ስትመጣ፣ ቀበሌዋን ሳይቀር እንደሚነግረን ቅንጣት አልጠራጠርም።

ቀጣዩ ኦሎምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ነው። የሰዓት ልዩነቱ 10 ሰዓት ስለሆነ፣ እዚያ የማታ ውድድር እኛ ጋ የንጋት ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ከአሁኑ ይዘጋጅ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ይኖርበታል፤ የሰንዳፋዎቹ ልጆች በየቀኑ የሚነሱት በዚያ ሰዓት ገደማ ነው። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ብሔራዊ ቡድኖቻችን እኩል ይነሳሉ ማለት ነው። የእኛኛው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ነው የሚነሳው፣ ሻይም ይቅረብለት።