«ይህም ስጦታ ነው» የተባለው የቱ ነው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ኤፌሶን 2፥8 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይላል። ስጦታ የተባለው እምነትንም ይጨምራልን?

አንደኛ ተከራካሪ፦

አዎን፣ ይጨምራል። ሐዋርያው «ማንም እንዳይመካ» ብሎ የዘጋውን በር በእምነት በኩል መልሰን መክፈት አንችልም። ሁለት ሰዎች አንድን ወንጌል ከአንድ ሰባኪ አፍ ሰሙ እንበል። አንዱ አመነ፤ ሌላው ትቶት ሄደ። ልዩነቱን ያመጣው ያመነው ሰው ራሱ ከሆነ፣ የሚመካበት ነገር ቀርቶለታል። ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» ይላል። የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት እምነት ከእኛ የሚጀምር ይመስለው ነበር። ሐሳቡን ያስለወጠው ይኸው የቆሮንቶስ ቃል መሆኑን በእርጅናው ዘመን ራሱ ጽፏል፤ ስሕተቱን እንዲህ በአደባባይ የሚያርም መምህርን እወዳለሁ። ልድያም በወንዙ ዳር ቃሉን ስትሰማ «ጌታ ልብዋን ከፈተላት» ተባለ እንጂ ልብዋን ከፈተች አልተባለም።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦

ወንድሜ፣ ከሰዋስው ልጀምር። በግሪኩ «እምነት» አንስታይ ስም ነው፤ «ይህም» የተባለው አመልካች ቃል ግን አንስታይም ተባዕታይም አይደለም። ስለዚህ የሚያመለክተው መዳናችንን በሙሉ እንጂ እምነትን ለብቻው አይደለም። መዳን በጸጋ መሆኑን እኔም አልክድም። ነገር ግን ጌታ ስለ ኢየሩሳሌም ልጆች «እናንተም አልወደዳችሁም» ሲል ያዘነው በምን ነበር? በገዛ አገሩስ «ስለ አለማመናቸው ተደነቀ» ተብሏል። ራሱ ያልሰጠው ነገር ስለ ጠፋ ይደነቃልን?

ይህ ለእኔ የጥቅስ ክርክር ብቻ አይደለም። አባቴ በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ መዝሙረ ዳዊት አነብላቸው ነበር። አንድ ሌሊት እጃቸውን በተገለጠው ገጽ ላይ ጫኑና «ማመን እፈልጋለሁ፤ ግን አልሆነልኝም» አሉኝ። ማንበቤን አቆምሁ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። እምነት ለአንዱ የሚሰጥ፣ ለሌላው የሚነፈግ ከሆነ ለእኒያ አባት ምን ይሏቸዋል?

አንደኛ ተከራካሪ፦

ሰዋስውን ተቀብያለሁ። ሆኖም «ይህም» መዳናችንን በሙሉ ከያዘ፣ በውስጡ ያለውን እምነት ለይተን የምናወጣው በምን ሥልጣን ነው? ስለ ሰው ነጻ ፈቃድ አብዝቶ ያስተማረው ዮሐንስ አፈወርቅ እንኳ ይህን ቃል ሲተረጉም፣ ክርስቶስ መጥቶ ባይጠራን ኖሮ ማመን እንዴት እንችል ነበር ብሎ ይጠይቃል።

ስለ አባትዎ በፍርሃት ነው የምጽፈው። በማርቆስ 9 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ጌታም ልጁን ፈወሰለት። እ.ኤ.አ. በ529 በዛሬዋ ፈረንሳይ በኦራንዥ ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት የእምነት መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን የማመን ፍላጎት ራሱ የጸጋ ስጦታ ነው ብለው ወስነዋል። እግዚአብሔር ሰዎችን ለክፋት አስቀድሞ ወስኗል የሚለውንም ትምህርት አውግዘዋል። እንግዲህ «እፈልጋለሁ» ያሉት አባትዎ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። እርስዎ እንደተነፈጉ ባዩበት በዚያች ሌሊት፣ እኔ የማየው ስጦታው ሲጀመር ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦

ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ለአባቴ እነግራቸው ነበር። የኦራንዥን ቃል እቀበላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1618 እና በ1619 በኔዘርላንድ የተካሄደው የካልቪናውያን የዶርድሬክት ሲኖዶስ ግን አንዱ እምነትን መቀበሉ ሌላው አለመቀበሉ ከእግዚአብሔር ዘላለማዊ ውሳኔ የመጣ ነው አለ፤ እዚህ ላይ አልከተልዎትም። ፍላጎቱን የሰጣቸው እግዚአብሔር ይሁን። እጃቸውን አንሥተው በመጽሐፉ ላይ የጫኑት ግን አባቴ ናቸው፤ ያንን ከእርሳቸው ልወስድባቸው አልችልም።