ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ስለ እንቁላሏም ይነገራት

በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ገና መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። እነዚህ ሴቶች የመጀመሪያው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ከመሰጠቱ በፊት «ወደፊት መውለድ ታስቢያለሽ?» ተብለው መጠየቅ አለባቸው እላለሁ። ከተጀመረ በኋላ መጠየቁ ብዙ አይጠቅምም፤ መድኃኒቱ እንቁላሎቻቸውን ሊጎዳ ይችላልና።

ወንድ ዘሩን ከጉርምስና ጀምሮ በየቀኑ ያመርታል፤ ሴት ግን እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። በእናቷ ማህፀን ሳለች፣ አምስተኛው ወር ላይ፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ስትወለድ 1 ወይም 2 ሚሊዮን፣ የወር አበባ ስታይ ደግሞ 300 ሺህ ገደማ ይቀራሉ። በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ እዚያው ኦቫሪ (እንቁላሎቹ የሚቀመጡበት አካል) ውስጥ ይከስማል፤ ብታረግዝም ክኒን ብትውጥም አይቆምም። (የወሊድ መከላከያ እንቁላል ይጨርሳል የሚለውም፣ ያጠራቅማል የሚለውም ወሬ ስህተት ነው።)

የተረፉትም አብረዋት ያረጃሉ። እንቁላል ክፍፍሏን የምትጀምረው ልጅቷ ሳትወለድ ነው፤ ከዚያ መሃል ላይ ቆማ ተራዋን እስከ 40 ዓመት ልትጠብቅ ትችላለች። ክሮሞዞሞቹን (የዘር መረጃ የያዙትን ክሮች) አጣምሮ የያዘው ፕሮቲን በዚህ መሃል ይላላል፤ ስትከፈልም ቁጥራቸው ሊዛባ ይችላል። ከ35 ዓመት በኋላ ፅንስ የሚጨናገፍበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። በዓመታት የሚደርሰውን የእንቁላል ኪሳራ በወራት ያመጣዋል። የወር አበባዋ ቢመለስ እንኳ ያለጊዜዋ ልታርጥ ትችላለች።

እንቁላል ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለት ሳምንት ገደማ የሆርሞን መርፌ ትወስዳለች፤ የበሰሉት በመርፌ ተቀድተው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቆያሉ። እንዲህ ከቆየ እንቁላል ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1986 በአውስትራሊያ ነበር። ዘዴው የሰመረው ግን ዘግይቶ፣ በቅጽበት ማቀዝቀዝ ሲለመድ ነው፤ እንቁላል ውሃ ስለሚበዛባት ቀስ ብላ ከቀዘቀዘች በረዶው ይወጋታል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር «የሙከራ» የሚለውን ስያሜ ከዘዴው ላይ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ልጅ ለማግኘት ዋስትና ግን አይደለም፤ እንደ ዋስትና የሚሸጡትን አልወድም።

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመሃንነት ሕክምና ማዕከል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የካንሰር ሐኪሞች ታማሚዋን ለምክር ወደዚያ ለመላክ አንድ ወረቀት ይበቃቸዋል። ገንዘቡ ባይኖራት፣ ሕመሙም ጊዜ ባይሰጣት እንኳ ይነገራት። ውሳኔውም የባሏ ወይም የቤተሰቧ ሳይሆን የራሷ ይሁን።